እስከ ስድስተኛው ወር ቁጠሩ፦ ስለ ወረዳ የሥራ ሥምሪት ባለሙያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዲስ አበባ ከተማ ሥራና ክህሎትን እንዲሁም ፐብሊክ ሰርቪስንና የሰው ሀብትን ለምትመሩ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የወረዳ የሥራ ሥምሪት ባለሙያ የዕድገት መሰላልና የአፈጻጸም መመዘኛ እንዲስተካከል ስለ መጠየቅ

ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ እስከ ቦሌ ለሚና የካ አባዶ ባለው የከተማዋ ዳርቻ የምንሠራ የሥራ ሥምሪት ባለሙያዎች፣ አሠልጣኞችና የሙያ ብቃት መዛኞች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሥራ ፈላጊን ከሥራ የሚያገናኘው የመንግሥት ሠራተኛ በመዘገበው ስም ብዛት አይመዘን፤ ያገናኘው ሰው በስድስተኛው ወር ሥራው ላይ መገኘቱ ይታይለት። ይህን ማድረግ የቻለ ባለሙያም ሥራ ፈላጊውን ከሚያስተናግድበት መስኮት ሳይነሣ ደረጃውና ደመወዙ ይደግለት። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ይህን ለምን እንደምንጠይቅ የሚያስረዳ ነው።

የዚህ ሠራተኛ የሥራ ሕይወት በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል። በማኔጅመንት፣ በሶሲዮሎጂ፣ አንዳንዴም በእንስሳት ሳይንስ ተመርቆ ክፍት መደብ ስለ ተገኘ ይቀጠራል። ስለ ሙያ ደረጃ፣ ስለ ፋብሪካ አሠራርና ስለ ሥራ ምክር የሚያስተምረው የለም። ከእርሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ትቶለት የሚሄደው የመሳቢያ ቁልፍ፣ ማኅተምና ያልተዘጋ የሪፖርት ፋይል ነው። በሁለተኛው ዓመት የትኛው ፋብሪካ ሰኞ ጠዋት በር ላይ እንደሚቀጥር፣ የትኛው የብረታ ብረት ሼድ ሠልጣኝን ብየዳ እንደሚያስነካና የትኛው መጥረጊያ ብቻ እንደሚያስይዝ፣ የትኛው የሰው ኃይል ኃላፊ ስልክ እንደሚያነሣ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። በሦስተኛው ዓመት ጉብዝናው ይታወቅለትና ቡድን መሪ ይሆናል፤ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ፣ ቀጥሎ ዕቅድና ሪፖርት። እያንዳንዱ ደረጃ ከሥራ ፈላጊው አንድ እርምጃ ያርቀዋል። ጎበዙን ለመሸለም ያለን መንገድ ከሚጎብዝበት ሥራ ማንሣት ብቻ ሆኗል። ለመራቅ ያልፈለገው ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ፣ በዚያው ደረጃ፣ ከትናንት ወዲያ ከተቀጠረው እኩል ይቆያል፤ ወይም ለቆ የግል ኤጀንሲ ይገባል።

የተቋማቱም ስም አልረጋ ብሏል። የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን በ2011 ተቋቋመ። በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲመሠረት የኮሚሽኑ ሥራ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናውና ቀድሞ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥር የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ዘርፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ውህደቱን አንነቅፍም፤ አሠልጣኙና ሥራ አገናኙ በሁለት መሥሪያ ቤት ተቀምጠው በደብዳቤ መነጋገራቸው ራሱ በሽታ ነበር። ነገር ግን ስም በተለወጠ ቁጥር እታች ወረዳ ድረስ ቅጹ ይለወጣል፣ ሠራተኛው እንደገና ይመደባል፣ አሮጌው መዝገብ ካርቶን ውስጥ ገብቶ መጋዘን ይወርዳል። መዝገቡ ሲወርድ የአሠሪዎች ስልክ፣ የተገናኙ ሰዎች ዝርዝርና የሄዱበት ቦታ አብሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ስም መጻፍ ብቻ ይመስላልና።

አንድን ሥራ ፈላጊ በትክክል ለመመዝገብ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። በአምስት ደቂቃ የሚሞላው ቅጽ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና «የሚፈልጉት የሥራ ዓይነት» ነው፤ ለመጨረሻው ጥያቄ አሥሩም ሰው «የተገኘውን» ብሎ ይመልሳል። የቀረው 25 ደቂቃ የሚውለው ቅጹ ላይ ለሌሉት ጥያቄዎች ነው። ከቤት ወጥቶ ዋናው መንገድ ለመድረስ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ታክሲ ይያዛል? ልጅ ካለ ማታ ማን ይቀበለዋል? ስምንት ሰዓት መቆም ይቻላል? በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ያስቸግራል? የስፌት መስመር ላይ የምትቀመጥ ልጅ የቅርብ ዕይታዋ ደካማ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ራስ ምታት ብላ ትቀራለች። ፋብሪካው ስንፍና ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ መነጽር ብሎ አይመዘግበውም።

የትራንስፖርቱን ሒሳብ ባለሙያው ከሥራ ፈላጊው ጋር አብሮ መሥራት አለበት። በከተማው ዳርቻ ከኮንዶሚኒየም መንደር ተነሥቶ ሌላው ዳርቻ ያለ ፋብሪካ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሰው፣ መመለሻውን ጨምሮ በቀን አራት ይይዛል። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ በወር 26 ቀን ይሠራል፤ 104 የታክሲ ጉዞ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በአካባቢው ታሪፍ አባዝቶ፣ ምሳ ጨምሮ፣ ከደመወዙ የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ቀንሶ የሚተርፈውን ማሳየት ስድስት ደቂቃ አይፈጅም። ትርፉ ከቤት ኪራዩ ድርሻ ካነሰ ያ ሰው ቢቀጠርም አይቆይም፤ ሰርቪስ ያለው ወይም በእግር የሚደረስ ቦታ መፈለግ ይሻላል። የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት ሁኔታ ይህ የወረቀት ሒሳብ ለሠራተኛው ያለው ብቸኛ መከላከያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ሥራ አሠሪው ዘንድ መሄድ ነው። «ስንት ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መመለስ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት፦ ማሽኑ ምን ዓይነት ነው፣ ፈረቃው ስንት ነው፣ ማታ የሚለቀቁት ስንት ሰዓት ነው፣ ሰርቪሱ የት ያደርሳል፣ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ሰው ለቀቀ፣ ለምን ለቀቀ። የመጨረሻውን ጥያቄ የሰው ኃይል ኃላፊው አይመልስም፤ የመስመር ተቆጣጣሪዋ ትመልሳለች። ስለዚህ ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ሻይ ጠጥቶ እንዳይመለስ፣ የማምረቻ ወለሉን ማየት አለበት።

ፋብሪካ ከፋብሪካ ይለያል። ቦሌ ለሚ ያለው የልብስ ስፌት ፍጥነት ይፈልጋል። ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት አምራቾች የተዘጋጀው ፓርክ ደግሞ ከእጅ ፍጥነት በፊት የመዝገብ ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል፦ የተሠራው በተሠራበት ሰዓት ይጻፋል፣ የተሳሳተ ቁጥር አይደለዝም፣ በላዩ አንድ መስመር ተሰምሮበት ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍና ይፈረማል፣ ቀኑም ይሰፍራል። ይህን አንድ ነገር በሁለት ሰዓት ማስተማር ይቻላል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰችን ልጅ ስፌት ስለ ሠለጠነች ብቻ ስፌት እንድትፈልግ ከማድረግ፣ ይህን ለሚያውቅ ባለሙያ ሌላ በር መክፈት ቀላል ነው።

አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ምርት ከፈቀደችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ተጠቃሚነት ስታስወጣ፣ ለዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የወረዳው ባለሙያ በእጁ የሚያስፈልገው መዝገብ ቀላል ነው፦ የትኛዋ ሠራተኛ ምን ማሽን ላይ ነበረች፣ በአካባቢው ያ ማሽን ያለው ሌላ ማን ነው። ለአገር ውስጥ ገበያ የደንብ ልብስና አንሶላ የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) የምትችል ሰው ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን የባለሙያው ዓመታዊ ዕቅድ የሚለው «አዲስ ሥራ ፈላጊ መመዝገብ» ነው፤ ከሥራ የወጣችው ደግሞ አንዴ ሥራ አገኘች ተብላ ተቆጥራለች።

ሦስተኛውና ዋናው ሥራ ክትትል ነው። ሰው ከሥራ የሚለቅባቸው ቀናት በዘፈቀደ አይደሉም። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ቀን ነው፤ እግር ያብጣል፣ ተቆጣጣሪ ይጮኻል፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ማስፈቀድ እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ነው፤ በቃል የተነገረውና በወረቀት ላይ ያለው አይገጥምም። ሦስተኛው የሙከራ ጊዜ ማብቂያ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለህም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። የሙከራው ስምምነት ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ብዙ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ በሃምሳኛው ቀን «ነገ እንዳትመጣ» ሲባል ቦርሳውን ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ባለሙያው በሦስተኛው ቀን፣ በደመወዝ ማግስት፣ በዘጠነኛው ሳምንትና በስድስተኛው ወር መደወል አለበት። በሦስተኛው ቀን የሚጠየቀው ስለ እግር፣ ስለ ምሳና ስለ ትራንስፖርት ነው። በደመወዝ ማግስት ወረቀቱ ይነበባል፦ የጡረታው 7 በመቶ የሠራተኛው ነው፣ 11 በመቶውን አሠሪው ይከፍላል፤ አሠሪው የራሱን ድርሻ ከሠራተኛው ላይ ቆርጦ ከሆነ ያኔ ይታያል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሠራተኛው ይህን ከመቀጠሩ በፊት ቢያውቅ ጠብ ይበዛል ብለው የሚፈሩ አሉ። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ያስተካክላል፣ የማያውቅ ዝም ብሎ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው የሚቻል ነው ወይ? እናስላው። ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን መስክ ቢወጣ ሦስት ቀን ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በወር 12 ቀን፣ 96 ሰዓት። በቀን አሥር ሰው በ30 ደቂቃ ቢያነጋግር በወር 120 ሰው፣ 60 ሰዓት ይወስድበታል። በወር 40 ሰው ቢያገናኝና ለእያንዳንዱ አራት ጊዜ ቢደውል 160 ጥሪ ነው፤ አንዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 27 ሰዓት ገደማ። ለሪፖርት ዘጠኝ ሰዓት ይተርፈዋል። ከበቂ በላይ ነው። በተግባር የሆነው ሪፖርቱ ሃምሳውን ሰዓት በልቶ ጥሪው ዜሮ መሆኑ ነው። የስልክ ካርድ በጀት ስለሌለም የሚደውል ካለ ከኪሱ ነው።

ወደ ሥልጠናው እንለፍ። ሥራ አገናኙ የሚያቀርበው ሰው የሚሠለጥንበት ወርክሾፕ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ፣ የሚሰጠው ቃል ሁሉ ባዶ ነው።

ብየዳን እንውሰድ። ለመጀመሪያ ልምምድ የሚውለው ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኢ6013 የተባለ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በአምስት ኪሎ ካርቶን ውስጥ 160 ያህል ይገኛል። ለ25 ሠልጣኝ ሲካፈል ለአንዱ ስድስት ይደርሳል። አንዱ ኤሌክትሮድ ነድዶ የሚያልቀው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ካርቶን ለአንድ ሠልጣኝ የሚሰጠው እጅን የማፍታቻ ጊዜ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በወር ሁለት ካርቶን የገባለት ወርክሾፕ ሠልጣኙን 15 ደቂቃ አስበይዶ «ሠለጠነ» ይላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የብረቱ ውፍረት ነው። ኮሌጅ ውስጥ የሚበየደው የስድስትና የስምንት ሚሊ ሜትር ቁራጭ ነው፤ ምዘናው ላይም የሚቀርበው እንዲሁ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ቃሊቲ ያለው ሼድ የሚሠራው ግን በርና መስኮት ነው፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦላሬና ላሜራ። በወፍራም ብረት ከመቶ አምፔር በላይ የለመደ እጅ ቱቦላሬ ላይ ሲያርፍ ይበሳዋል። አሠሪው «የኮሌጅ ልጅ አይረባም» ይላል። ልጁ የጎደለው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 80 አምፔር፣ ከላይ ወደ ታች ፈጠን ያለ አሄድና አንድ ቀን ሙሉ ቀጭን ብረት የማበላሸት ዕድል ነው። ወጪው የአንድ ካርቶን ኤሌክትሮድና ከዚያው ሼድ የሚለቀም ትራፊ ነው።

ማሽኑም ገደብ አለው። ሰሌዳው ላይ 60 በመቶ የሚል የሥራ ዑደት የተጻፈበት ማሽን በዚያ አምፔር ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን ይሠራል፣ አራቱን ያርፋል። አራት ማሽን ለ25 ሰው ሲሆን ማንም አያሳርፈውም፤ የሙቀት መከላከያው ያጠፋዋል፣ ሠልጣኙ መብራት ሄደ ብሎ ይወጣል። አንዳንዴ እውነትም ሄዷል።

ስፌት ላይ ችግሩ የፍጥነት ነው። የቤት ውስጥ ማሽን በደቂቃ ከ700 እስከ 1,000 ስፌት ይሰፋል፤ ባለ አንድ መርፌ የፋብሪካ ማሽን እስከ 5,000 ይደርሳል። በእግር በሚረገጠው ማሽን ስድስት ወር የተማረች ልጅ የፋብሪካውን ፔዳል ስትነካው ጨርቁ ከእጇ ያመልጣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ያለ ክር፣ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ላይ፣ ቀጥታ፤ ቀጥሎ ጥግ ላይ ቆም ብሎ መርፌን አውርዶ መዞር፤ ቀጥሎ ክብ፤ ከዚያ በኋላ ክርና ጨርቅ። በተረከዝ ማቆምና በጣት ጫፍ ማስነሣት እስኪለመድ ድረስ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ይስተካከላል፤ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ በቁልፍ ይቀነሳል። የክር ውጥረት፣ የመርፌ ቁጥርና የቦቢን አሞላል በየቀኑ ይፈተሻሉ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሥልጠና በሳምንታት ውስጥ መስመር ላይ የምትቀመጥ ሠራተኛ ያወጣል። ሙሉ ሸሚዝ ቆርጦ መስፋት ሌላ ሙያ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስተማር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ለፋብሪካም ለራስ ሥራም የማትሆን ሠልጣኝ ያወጣል።

የትብብር ሥልጠና መመሪያው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው። በከተማው ዳርቻ ያለው አብዛኛው ድርጅት ሦስትና አራት ሰው ያለው ሼድ ነው። ከኮሌጅ የሚመጣለት ደብዳቤ «ተማሪዎቻችንን እንድትቀበሉልን» የሚል ነው፤ ምን እንደሚያስተምር፣ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም፣ የደኅንነት ጫማና መነጽር ማን እንደሚያቀርብ አይናገርም። ባለቤቱ የሚያደርገው ልጁን መጥረግና ዕቃ ማቀበል ላይ ማዋል ነው፤ እኛም በቦታው ብንሆን ከዚህ የተለየ የምናደርግ አይመስለንም። ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ በየሳምንቱ የሚሠራው ተግባር በስም ተጽፎ፣ በድርጅቱ ውስጥ የሚያሠለጥነው ሰው በስም ተመድቦ፣ የአደጋ ዋስትናው ተወስኖ። አሠልጣኙ በየ15 ቀኑ ሄዶ ካላየ የሠልጣኙ የሥራ ማስታወሻ ደብተር በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቀን ይሞላል። ማንም መዛኝ ደብተሩን ገልጦ ይህን በሁለት ደቂቃ ያውቃል።

ምዘናውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይገለጻል። ያላለፈው ልጅ የትኛው የብቃት አሃድ ላይ፣ የትኛው ተግባር ላይ እንደ ወደቀ መዛኙ በቅጹ ላይ ጽፎታል፤ ነገር ግን ለኮሌጁ የሚላከው የስም ዝርዝርና የውጤት ቃል ብቻ ሲሆን እናያለን። አሠልጣኙ ሃያ ልጅ አሳልፎ አምስት ቢወድቁበት አምስቱ የወደቁት በልኬት ይሁን በደኅንነት ዕቃ አጠቃቀም አያውቅም። ሥራ አገናኙም አያውቅም። ዝርዝሩን መላክ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ተደራጅተው ስለሚሠሩ ወጣቶች ብዙ አንልም። በማይተዋወቁ አምስት ሰዎች የተሞላ ማኅበር ሼድ እስኪያገኝ አብሮ ይቆያል፤ ሼዱ ሲገኝ ይከፋፈላል። ይህን ከእኛ በላይ የምታውቁት ነው።

ሪፖርቱ ግን ሊታለፍ አይችልም። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ስለሆነ በግልጽ እንጻፈው፦ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ኮሌጁ «አሠልጥኜ ወደ ሥራ አስገባሁ» ይላል፣ ወረዳው «አገናኘሁ» ይላል፣ የኢንተርፕራይዝ ክፍሉ «ተደራጀ» ይላል። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ለሦስት ሳምንት ድንጋይ ያቀበለው ሰው «ጊዜያዊ» በሚለው ዓምድ ይገባል፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሕንፃ ላይ ሲሄድ እንደገና ይገባል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ቁጥሩ ይነሣል። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ የሚያስመዝነው ይህ ዓምድ ስለሆነ ባለሙያው ጉልበቱን እዚያ ያፈሳል።

መድኃኒቱ በእጃችሁ ነው። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ በመዝገቡ ላይ አንድ የፋይዳ ቁጥር በአንድ በጀት ዓመት አንዴ ብቻ «ሥራ አገኘ» ተብሎ እንዲቆጠር ማድረግ የሥርዓቱን አንድ ሕግ መለወጥ ነው። በስድስተኛው ወር ሰውየው ሥራ ላይ መኖሩን ለማረጋገጥ ደግሞ ከአሠሪው ደብዳቤ ይልቅ የጡረታ መዋጮው ይመረጣል፤ አሠሪ ደብዳቤ በነፃ ይጽፋል፣ ያልቀጠረውን ሰው ግን በየወሩ 11 በመቶ አይከፍልለትም። ጡረታ በማይመዘገብበት አነስተኛ ሼድ ላይ የባለሙያው የስልክ ጥሪ መዝገብና የናሙና ጉብኝት ይበቃል።

ለዚህ ሐሳብ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ ትክክልም ነው። ባለሙያው በስድስተኛ ወር ውጤት የሚመዘን ከሆነ የማይለቀውን ሰው ብቻ መርጦ ያገናኛል። ልጅ ያላት እናት፣ ማንበብ የማይችል፣ አካል ጉዳተኛ፣ ከእስር የተፈታ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ምዝገባው ላይ የሰውየው ሁኔታ ይጻፍ፤ ለማገናኘት ይበልጥ የሚያስቸግረው ሰው ስድስተኛው ወር ላይ ሥራ ላይ ከተገኘ እንደ ሁለት ይቆጠር። ፍጹም አይሆንም። አሁን ካለው ግን ይሻላል፤ አሁን ያው ሰው ተመዝግቦ ብቻ እንደ ማንም እኩል አንድ ነው።

የዕድገት መሰላሉን በተመለከተ የምንጠይቀው ይህ ነው። በዚያው መስኮት ላይ ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ባለሙያ የሚሉ ደረጃዎች በእውነት ይኑሩ፤ የከፍተኛው ደመወዝ ከቡድን መሪው አይነስ። ከአፈጻጸም ነጥቡ ግማሹ ለስድስተኛ ወር ውጤት ይሁን። ባለሙያው በራሱ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይዛወር፤ አሠሪን ማወቅ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ በአሠሪ መታመን ሁለት። በየዓመቱ አሥር የሥራ ቀን ፋብሪካና ኮሌጅ ውስጥ ቆሞ ይይ። የመስክ ትራንስፖርትና የስልክ ወጪ በወረዳው በጀት ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው፤ «ሥራ ማስኬጃ» በሚለው ጆንያ ውስጥ ከገባ ለስብሰባ ውኃ ይውላል።

ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን፦ ርክክብ። ባለሙያ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ቁልፍና ማኅተም ብቻ አያስረክብ። የአሠሪው ስም፣ የሚያነጋግሩት ሰው የሥራ ኃላፊነት፣ የማሽን ዓይነት፣ ፈረቃ፣ ሰርቪስ፣ የሚቀጥሩበት ወር፣ ባለፈው የተላከላቸው ሰው ብዛት፣ የቆየው ብዛትና የለቀቁበት ምክንያት የሚሉ ዘጠኝ ዓምዶች ያሉት መዝገብ በፊርማ ይረከብ። አዲሱና አሮጌው ባለሙያ አምስት የሥራ ቀን አብረው ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ቀን አሠሪዎች ዘንድ አብረው ይሂዱ። የመዝገቡን ናሙና አዘጋጅተናል፤ በአንድ ገጽ ላይ ያርፋል። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የሠራተኛ ዝውውርም የሚበዛው ያኔ ነው። ቅጹ በግንቦት ወረዳ ከደረሰ ለዘንድሮ ዝውውር ይደርሳል።

ከሰላምታ ጋር

በአዲስ አበባ ዳርቻ ወረዳዎች የሚሠሩ የሥራ ሥምሪት ባለሙያዎች፣ አሠልጣኞችና የሙያ ብቃት መዛኞች

ግልባጭ፦
ለወረዳ ሥራ አስፈጻሚዎች
ለፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች
ለምዘና ማዕከላት